የኮሪያ ትሪለር ድራማዎች፦ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ አጻጻፋቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮሪያ ልብ አንጠልጣይ ድራማ እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ መልሻለሁ፤ የማንንም መጨረሻ አልናገርም፣ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ«ሲግናል» ጀምሩ። በ2016 በቲቪኤን ጣቢያ የታየ፣ ኪም ኡን-ሂ የጻፈችው ባለ 16 ክፍል ድራማ ነው። በ2015 የሚኖር አንድ ወጣት ፕሮፋይለር (የወንጀለኞችን ባሕርይ የሚያጠና የፖሊስ ባለሙያ) ከዓመታት በፊት ከነበረ መርማሪ ጋር ባትሪ በሌለው አሮጌ የእጅ ሬዲዮ ይነጋገራል። ሲሰሙት ተረት ይመስላል። ግን ሬዲዮዋ ሰበብ ናት፤ ዋናው ጉዳይ ያልተፈቱ የድሮ ወንጀሎችና ፍትሕ ያጡ ቤተሰቦች ናቸው። ለጀማሪ የሚመቸው ደግሞ እያንዳንዱ ጉዳይ በጥቂት ክፍሎች ውስጥ መልክ ስለሚይዝ ነው። ትልቁን ታሪክ ሳትጨርሱ እንኳ የሆነ ነገር አግኝታችሁ ትነሳላችሁ።

ቀጥሎ የ2017ቱን «ስትሬንጀር»፣ ከዚያ የ2021ዱን «ቢዮንድ ኢቭል» እዩ። ቅደም ተከተሉን ያለ ምክንያት አላልኩም። «ስትሬንጀር» ብዙ ስምና ብዙ ሹመት ስላለው ትኩረት ይፈልጋል። «ቢዮንድ ኢቭል» ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሦስቱንም ካየሁ በኋላ ግን አንደኛ የማደርገው እሱን ነው።

ከአሜሪካኖቹ የወንጀል ተከታታዮች በምን ይለያሉ?

በሐዘኑ። በብዙዎቹ የአሜሪካ የፖሊስ ተከታታዮች በየክፍሉ አንድ አስከሬን ይገኛል፣ አንድ ሰው ይያዛል፣ አለቀ። የሟች እናት አንዴ ታለቅስና ከዚያ በኋላ አናያትም። ጥሩዎቹ የኮሪያ ድራማዎች ግን እናትየዋን አይለቋትም። ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው ቤት ውስጥ ታገኟታላችሁ።

«ሲግናል» ውስጥ መርማሪ ሊ ጄ-ሃን የሚወዳት ልጅ ትገደላለች። ከመሞቷ በፊት የሲኒማ ትኬት ገዝታ ነበር። ብቻውን ሄዶ ይገባል። ፊልሙ አስቂኝ ነው፤ አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ እሱ መሃላቸው ተቀምጦ ያለቅሳል። ለምርመራው የሚጠቅም አንድም ፍንጭ እዚያ ትዕይንት ውስጥ የለም። ታሪኩን ለማፍጠን የቸኮለ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው እሱን ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ስለ ምን ያንን ዶሴ አልዘጋም ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች የለም። ገጸ ባሕርይ የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ስሞቹ ይምታቱብኛል። ምን ላድርግ?

የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ስለዚህ የ«ስትሬንጀር»ዋ ፖሊስ ሃን ዮ-ጂን ስትባል የራሷ ስም ዮ-ጂን ነው። ኪም፣ ሊ እና ፓርክ የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ከሕዝቡ 40 በመቶ በላይ ስለሚሆኑ የቤተሰብ ስም መያዝ አይጠቅማችሁም። ሥራ ቦታ ላይ ደግሞ ሰዎች የሚጠራሩት በማዕረግ ነው፤ የቡድን መሪ፣ ዋና ዐቃቤ ሕግ እየተባባሉ። እኔ ከስም ይልቅ ማን የማን አለቃ እንደሆነ ነው የምይዘው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደረስ ፊቶቹ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ለምን ይንቀረፈፋሉ?

የጣቢያ ድራማ በተለምዶ በሳምንት ሁለት ክፍል፣ ለስምንት ሳምንት ይታያል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ይህን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የምትጽፈው አንዲት ደራሲ ናት፤ እንደ አሜሪካ ብዙ ጸሐፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚከፋፈሉት አይደለም። ስለዚህ ሥራው እንደ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነው የሚነበበው። ክፍል ሁለት ላይ የተወረወረች ቃል ክፍል አሥራ አራት ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

«ቢዮንድ ኢቭል»ን በሁለት ክፍል ያቆሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። እዚያ መጀመሪያ ላይ የሚታየው የትንሿ ከተማ ሰዎች ሥጋ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሥጋ እየጠበሱ ሲጠጡ ነው። ምንም የሚሆን ነገር ያለ አይመስልም። ግን ደራሲዋ ኪም ሱ-ጂን እነዚያን ሰዎች እንድንወዳቸው እያደረገች ነው። በኋላ ከመካከላቸው አንዱ ሲጠረጠር ምርመራው የእኛም ይሆናል። ያንን ማዕድ ሳትቀምሱ የዘለላችሁ እንደሆነ ክህደቱ አያማችሁም።

በአማርኛ የተተረከውን ማየት አይበቃም?

እንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከታተሉ ማየት ለሚከብዳቸው ሰዎች ተራኪዎቹ ትልቅ ውለታ ውለዋል። ይህንን አልክድም። ታሪኩን ለማወቅ ብቻ ከሆነም ይበቃል።

ገጸ ባሕርዩን ለማወቅ ግን አይበቃም። «ቢዮንድ ኢቭል» ውስጥ ሊ ዶንግ-ሺክ የሚባለው ፖሊስ ከሃያ ዓመት በፊት እህቱ የጠፋችበት፣ ራሱም ተጠርጥሮ የነበረ ሰው ነው። ተዋናዩ ሺን ሃ-ግዩን በየመሃሉ አንድ ፈገግታ ያሳያል። የሐዘን ይሁን የጥፋተኛ አታውቁም። ድራማው በሙሉ የቆመው በዚያ ፈገግታ ላይ ነው፤ በ2021 ቤክሳንግ በሚባለው የኮሪያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ምርጥ ተዋናይ የሆነውም በዚህ ሥራ ነው። ተራኪ ደግሞ ወይ «አዘነ» ወይ «በተንኮል ሳቀ» ማለት አለበት። የትኛውንም ቢል እናንተ ልትወስኑት የሚገባውን ወስኖላችኋል ማለት ነው። 16 ሰዓት በ40 ደቂቃ ሲነገር ቀድሞ የሚወድቀው ዝምታው ነው፤ እነዚህ ደራሲዎች ደግሞ በዝምታ ነው የሚጽፉት።

ለምን ሁልጊዜ ዐቃቤ ሕግ ይኖራል?

በኮሪያ ዐቃቤ ሕግ ለረጅም ዘመን ሁለት ትልልቅ ሥልጣኖችን በአንድ እጁ ይዞ ቆይቷል። ፖሊስ የሚያደርገውን ምርመራ ይመራ ነበር፣ ክስ ለመመሥረት ወይም ላለመመሥረትም የሚወስነው እሱ ነበር። ፖሊስ በራሱ ውሳኔ መዝገብ መዝጋት የቻለው ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ለደራሲ ይህ ወርቅ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ስልክ አንስቶ አንድን ጉዳይ ከምድረ ገጽ ማጥፋት ከቻለ፣ ታሪኩ ገዳዩ ማን ነው ከሚለው አልፎ ስልኩን ማን አነሳው ወደሚለው ይሄዳል። የ2020ው «ስትሬንጀር» ሁለተኛ ምዕራፍ የተገነባው በቀጥታ በዚህ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ የሥልጣን ትግል ላይ ነው። ሥልጣኑን የለወጠው ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት ስለነበር ድራማው ከዜናው ጋር ጎን ለጎን ነበር የሚሄደው።

ታሪኮቹ እውነተኛ ናቸው?

ብዙዎቹ ፈጠራ ናቸው፤ እግራቸው ግን እውነት ላይ ነው። «ሲግናል» ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ጉዳዮች ኮሪያን ያስጨነቁ እውነተኛ ወንጀሎችን ያስታውሳሉ። ትልቁ በህዋሶንግ አካባቢ ከ1986 እስከ 1991 አሥር ሴቶችና ልጃገረዶች የተገደሉበት ነው። ድራማው ሲታይ ገዳዩ ገና አልታወቀም ነበር። በ2019 በዘረመል ምርመራ ማንነቱ ተለየ፤ ሰውዬው በሌላ ግድያ ከ1994 ጀምሮ እስር ቤት ነበር። የመጨረሻው ግድያ የይርጋ ጊዜ (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) በ2006 ስላለፈ በእነዚያ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም። ይባስ ብሎ ከግድያዎቹ በአንዱ ሌላ ሰው ያለ ጥፋቱ ሃያ ዓመት ገደማ ታስሯል። ነፃ መሆኑን ፍርድ ቤት ያወጀለት በታኅሣሥ 2020 ነው።

ይህንን ካወቃችሁ በኋላ «ሲግናል»ን ድጋሚ ብታዩት ሌላ ድራማ ይሆንባችኋል። ገጸ ባሕርያቱ ለምን ሰዓት እያዩ እንደሚሮጡ ይገባችኋል። በኮሪያ የነፍስ ግድያ ይርጋ 15 ዓመት ነበር፤ በ2007 ወደ 25 ከፍ አለ፤ በ2015 ለግድያ ጨርሶ ተነሳ። የመጀመሪያው ጉዳይ ላይ መርማሪዎቹ የሚሟገቱት ከተጠርጣሪዋ ጋር ብቻ አይደለም፤ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሕጉ ራሱ በሩን ይዘጋባቸዋል። ኪም ኡን-ሂን የማደንቃት ለዚህ ነው። ሩጫውን ከባዶ አልፈጠረችውም፤ ከአገሯ ሕግ መዝገብ ውስጥ አወጣችው።

ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እውነተኛ ወንጀል ላይ የተመሠረተ ሁሉ ክብር ይገባዋል ማለት አይደለም። በሕይወት ያለ ቤተሰብ አለ። ሟቿ እንዴት እንደተገደለች በዝርዝር የሚያሳይ፣ እንዴት እንደኖረች ግን አንድ ደቂቃ የማይሰጥ ድራማ ካጋጠመኝ አቆመዋለሁ።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ለምን ስሜት የሌለው ሰው ይሆናል?

ይህ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ አንዳንዱ ደራሲ ሰው መጻፍ ሲያቅተው የሚሸሽበት ይመስለኛል። ፊቱ የማይለወጥ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ብልህ ሰው መጻፍ ቀላል ነው። በሁለት ድራማዎች ግን ነገሩ በምክንያት ነው የተደረገው።

አንደኛው «ስትሬንጀር» ነው። ሁዋንግ ሺ-ሞክ በልጅነቱ ድምፅ እያሠቃየው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስሜቱ የደነዘዘ ዐቃቤ ሕግ ነው። ደራሲዋ ሊ ሱ-ዮን ይህንን ሰው የት እንዳስቀመጠችው እዩ። ሁሉም ሰው ሌላው የጋበዘውን ምሳ የበላበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ጉቦ በገንዘብ ብቻ አይሠራም፤ በይሉኝታ ነው የሚሠራው። «እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኩህ» የሚል አለቃ አለ፣ «አብረን አልተማርንም ወይ» የሚል ጓደኛ አለ። ሺ-ሞክ ይሉኝታ የለውም። ሊያባብሉት፣ ሊያሳፍሩት፣ ሊያስቀኑት አይችሉም። ጉድለቱ ከሌሎቹ ጋር ሲነካካ ነው የእነሱ ጉድለት የሚታየው። ሊ ሱ-ዮን ይህንን በመጀመሪያ ድራማዋ መሥራቷ እስካሁን ይገርመኛል። በ2018 የቤክሳንግን የድርሰት ሽልማት ወስዳበታለች።

ሁለተኛው የ2020ው «ፍላወር ኦቭ ኢቭል» ነው። እዚህ ባልየው በሌላ ሰው ስም የሚኖር፣ አባቱ ተከታታይ ገዳይ የነበረ ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ የግድያ ወንጀል መርማሪ ናት። ባልየው ፈገግታን በቪዲዮ እያየ ይለማመዳል። ስሜት የለኝም ብሎ ያምናል። ቀስ በቀስ የሚታየን ግን ሰዎች ከልጅነቱ ጀምረው ጭራቅ ነህ ስላሉት ያመነው መሆኑን ነው። በሺ-ሞክ ላይ የሆነው ሕክምና ነው፤ በዚህ ሰው ላይ የሆነው ሐሜት ነው። አብረው የሚጠቀሱ ቢሆንም ፍጹም የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሳይኮፓት ሆኖ የተወለደ ሰው የሚባለው ነገርስ?

የ2021ዱ «ማውስ» የቆመው በዚህ ላይ ነው። ገና በማሕፀን ያለ ልጅ ሳይኮፓት፣ ማለትም ርኅራኄና ጸጸት የማይሰማው ሰው መሆኑን በዘረመል ማወቅ ቢቻል ምን ይደረግ ነበር ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከባድና ጥሩ ነው። ሳይንሱ ግን ልብ ወለድ ነው፤ አንድን ሰው ገዳይ የሚያደርግ አንድ ዘረመል የለም። ድራማውን ሳየው የከበደኝ ይህ አልነበረም። ሁሉም ነገር ከደም የመጣ ከሆነ ገጸ ባሕርይው የሚመርጠው ነገር አይኖርም። ምርጫ የሌለው ሰው ደግሞ ያስደነግጠኝ ይሆናል እንጂ አያሳስበኝም። 20 ክፍል ሙሉ በየጊዜው አዲስ ዱብ ዕዳ ይወርዳል፤ መሃል ላይ ለማንም ማዘን አቃተኝ።

ገዳዩ ቀድሞ ከታወቀ ምን ይቀራል?

ሁሉም ነገር ይቀራል! «ቢዮንድ ኢቭል» ተከታታዩ ግማሽ ሳይደርስ ከግድያዎቹ የአንዱን ፈጻሚ ይሰጠናል። ብዙ ሰው «በቃ፣ አለቀ» ይላል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ነው ተስተካክዬ የተቀመጥኩት። ምክንያቱም ያንን ሰው ማን ሸፈነው? ማን አይቶ ዝም አለ? ማን ለልጁ ሲል፣ ማን ለሹመቱ ሲል፣ ማን ለከተማዋ የመሬት ልማት ሲል አንዲት ትንሽ ነገር ደበቀ? እያንዳንዱ የደበቀው ነገር ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው። ተደምሮ አንዲትን ልጅ ለሃያ ዓመት ያለ መቃብር ያስቀምጣታል። ጥሩ የኮሪያ ትሪለር ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መጥፎው ገዳዩን ደብቆ ያቆየናል። ጥሩው ገዳዩን ሰጥቶን ጥፋቱን ለሌሎቹ ያከፋፍላል።

የ2024ቱ «ዳውት» ሌላ መንገድ ይዟል። ሃን ሱክ-ግዩ የሚጫወተው ጃንግ ቴ-ሱ የተዋጣለት ፕሮፋይለር ነው። በአንድ ግድያ ገና ተማሪ የሆነች ልጁን ይጠረጥራል። 10 ክፍል ብቻ ነው። ወንጀሉ ከአባትየው ጥርጣሬ ያነሰ ያስፈራል። የማያውቀውን ሰው ሁሉ መርምሮ የሚደርስበት ሰው ልጁን ቁጭ አድርጎ «ምን ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። የሚያውቀው መመርመር ብቻ ነው። እሷም እንደ ተጠርጣሪ ስለሚያያት እንደ ተጠርጣሪ ትመልስለታለች። እያንዳንዱ እራት በፍርሃት ነው የሚያልፈው።

ሴቶቹ ሁልጊዜ ሟች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ቅሬታው ትክክል ነው። ስንት ድራማ ነው በአንዲት ወጣት አስከሬን የሚጀምረው። ስሟን እንኳ ሳንይዝ ካሜራው ወደ ወንዱ መርማሪ ቁጣ ይሄዳል። እሷ ለእሱ ምክንያት እንድትሆን ብቻ ነው የተጻፈችው።

ሌላውን ማየት ለሚፈልግ ግን ሁለት ሴቶች አሉ። በ«ሲግናል» ቻ ሱ-ህዮን ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ እንደ ሙሉ ሰው አይቆጥሯትም፤ ቅጽል ስሟ «ዜሮ ነጥብ አምስት» ነው። ከዓመታት በኋላ የቡድን መሪ ሆናለች። አንድ አጽም በተገኘ ቁጥር የጠፋውን አለቃዋን እየፈለገች አስከሬን ምርመራ ክፍል ትሄዳለች። ኪም ሄ-ሱ ሁለቱንም ዕድሜ ራሷ ተጫውታለች። በ«ስትሬንጀር» ደግሞ ሃን ዮ-ጂን አለች። የሟችን እናት ብቻቸውን ሲቀሩ ወደ ቤቷ ትወስዳቸዋለች። ደራሲዋ ይህንን ያደረገችው ዮ-ጂን ሴት ስለሆነች እንድትራራ አይደለም፤ ፍትሕ ለዮ-ጂን ሰው ቤት የሚገባ ነገር እንደሆነ ለማሳየት ነው። ከሺ-ሞክ ጋር ፍቅር አለመጀመሯም ትልቅ ብልሃት ነው። ሁለት ሰዎች ተከባብረው መሥራት ብቻ እንደሚበቃቸው አይተናል።

መጨረሻቸው ለምን ያናድዳል?

አንዱ ምክንያት አሠራሩ ነው። በተለይ ቀደም ባለው ጊዜ ድራማው እየታየ ነበር የሚቀረጸው። ጽሑፉ በገጽ በገጽ ለተዋናዮች የሚደርስበት ቀን ነበር። ደራሲዋ ደክማለች፣ ተመልካቹ በየሳምንቱ አስተያየት ይሰጣል፣ ጣቢያው ቁጥር ያያል። እንዲህ ሆኖ የመጨረሻው ክፍል ቢላላ አይገርምም። «ስትሬንጀር» ግን መታየት ከመጀመሩ በፊት ቀረጻው አልቆ ነበር፤ ልዩነቱ ይታወቃል።

ሌላው ምክንያት እኛ ነን። «ሲግናል»ን ክፍት አድርጎ ተወው ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው። እኔ አልተቆጣሁም። ባልተዘጉ ዶሴዎች የተጀመረ ታሪክ ሁሉን አስሮ ቢጨርስ ኖሮ ዋሸን ባልኩ ነበር። የምቆጣው «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ መጥቶ ሁሉም ሰው ድንገት ሲስቅ ነው።

እነዚህ ድራማዎች በቀልን አያበረታቱም?

አንዳንዶቹ ያበረታታሉ ብዬ አምናለሁ። በ2021 የጀመረው «ታክሲ ድራይቨር» በየጉዳዩ በጣም ክፉ ሰው ያመጣና ጀግኖቹ ከሕግ ውጪ ይቀጡታል። ሲያዩት ልብ ያርሳል። ቁጣው ከየት እንደመጣም ይገባኛል፤ በይርጋ ያመለጠ ገዳይና በገንዘብ የተዘጋ ክስ ለኮሪያ ተመልካች እንግዳ አይደለም። ግን ክፉው ምንም ሰብዓዊነት ከሌለው ቀጪው የሚጠየቀው ነገር የለም። ጥያቄ ከሌለ ደግሞ የቀረው ዱላ ብቻ ነው።

«ዘ ግሎሪ» ከዚህ ይሻላል። በ2022 መጨረሻና በ2023 በሁለት ክፍለ ጊዜ የወጣ፣ ቀድሞ በፍቅር ድራማዎች የምናውቃት ኪም ኡን-ሱክ የጻፈችው ነው። ሙን ዶንግ-ኡን ትምህርት ቤት ውስጥ አካሏን በቃጠሎ ጠባሳ የሞሉትን ልጆች ለመበቀል ግማሽ ዕድሜዋን ትሰጣለች። ደራሲዋ ጥፋቱን ለልጆቹ ብቻ አልተወችውም። ዝም ያለው መምህር አለ፣ ገንዘብ ተቀብላ የፈረመች እናት አለች። ዶንግ-ኡን የምታገኛቸው ሰዎች ደግሞ ከዕቅዷ ውጪ ይሆኑባታል። ባሏ የሚደበድባት ካንግ ህዮን-ናም ለስለላ ተቀጥራ መጥታ እንቁላል ይዛላት ትመጣለች፣ ታሥቃታለች። ዶንግ-ኡን መሣቋ ያስደነግጣታል፤ ለበቀሏ የሚያስፈልጋት ሰው ሳይሆን ቁጣዋ ብቻ መስሏት ነበርና። እኔ የበቀል ድራማን የምመዝነው በዚህ ነው፤ ተበቃይዋ ዕቅዷ ሲያልቅ በማግስቱ ጠዋት ምን ልታደርግ ነው? ኪም ኡን-ሱክ ይህንን ጥያቄ አልሸሸችውም። «ታክሲ ድራይቨር» ግን ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይነዳል።